የሲሚንቶው ሣጥንና የአሰላ ክረምት

ስለ እኔ የሚናገርልኝ ሰው ብጠብቅ ብጠብቅ ስላጣሁ ራሴው ልናገር። በጃንሆይ ዘመን አሰላ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ወለል የማን ነበር ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ፣ አንዱ የገዢውን ቤት፣ ሌላው የእህል ነጋዴውን ቤት ይጠራላችኋል። ወለሉን የለሰነውን ሰው ግን የሚጠራ የለም። የለሰንኩት እኔ ነኝ። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሌሎች ሲማሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ ውስጥ ከተቀመጡት ቀድሜ ዳዊት ደገምኩ። የቆመ ሰዓት ወደ እኔ ይመጣል። የወፍጮ ሞተር ሲያስቸግር ኢተያ ድረስ እጠራ ነበር። አቦምሳ ሄጄ የሰቀልኩት የመጋዘን በር ዛሬም ሳይንሻፈፍ ይዘጋል አሉ፤ እኔ ግን አልተጠራጠርኩም ነበር።

ሲሚንቶንም ያስተማረኝ የለም። ጣሊያን ሠርቶት የሄደ አንድ ትንሽ ድልድይ ጎርፍ ገምሶት ነበር። ሰው ሁሉ እየተራገመ ዞሮ ሲያልፍ፣ እኔ ቁጭ ብዬ የተገመሰውን ሆድ ዕቃ አየሁ። ጠጠር አለ፣ አሸዋ አለ፣ መካከሉ ላይ እንደ አጥንት የተጋደመ ብረት አለ። ብረቱ ፌሮ እንደሚባል የሰማሁት ኋላ ነው። ሥጋና አጥንት ነው ብዬ ተነሣሁ። ትምህርቴ እዚያው ተጀምሮ እዚያው አለቀ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አባቴ የሞተው በነሐሴ ነው። ጭላሎ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በነሐሴ አሰላ መጥቶ መቃብር ያስቆፍር። የእድራችን ሰዎች ጉድጓዱን እየቆፈሩ ውሃውን በባልዲ ያወጣሉ፤ ባወጡት ልክ ተመልሶ ይሞላል። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱም በርዷቸው ስለነበር፣ አባቴን በሰሌን እንደተጠቀለለ አወረዱት። አልሰምጥም አለ። ተንሳፈፈ። ሁለት ሰዎች በአካፋቸው ጀርባ ወደ ታች ተጭነው ያዙትና አፈር ተመለሰበት።

እናቴ ይህን አየች። ከአርባው በኋላ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣

“እኔን እንደዚያ ውሃ ውስጥ እንዳትጥለኝ” አለችኝ። “አንተ ሁሉን እችላለሁ ትላለህ። እንግዲህ ይህን ቻል።”

እኔማ እችል ነበር። ያስቸገረኝ ሌላው ሰው ነው።

የመጀመሪያውን ሣጥን አንድ ወጥ አድርጌ አፈሰስኩት። በጣውላ ቅርጹን አወጣሁ፣ ፌሮውን አሰርኩ፣ ሲሚንቶውን ሞላሁ፣ በእርጥብ ጆንያ እየሸፈንኩ ውሃ አጠጣሁት። ሲደርቅ በመዶሻ ብትመታው እንደ ደወል የሚጮኽ ሆነ። ክዳኑ ላይ መስቀል ቀረጽኩበት። እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አበባም ቢሆን አልተሠራም ነበር፤ ተሠርቶ ከነበረም እኔ አልሰማሁም።

ያመሰገነኝ ሰው ግን የለም። ጎረቤቶቼ በደጄ ማለፍ ትተው በኋላ በር ይዞሩ ጀመር። ሬሳ የሌለው ሣጥን ሬሳ ይጠራል አሉ። ሚስቴ ጆንያውን ከላዩ እንዳላነሣ ለመነችኝ። ከዚያ የእድራችን ዳኛ መጣ። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ እድሩ ውስጥ እሱ ያላለው የማይሆን ሰው ነው። ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ዞረው።

“ለመሆኑ ይህን ማን ሊሸከመው ነው?” አለኝ።

“እድሩ ነዋ።”

“እድሩ ሬሳ ይሸከም ተባለ እንጂ ቤተ ክርስቲያኑን ይሸከም አልተባለም። ደግሞስ፣ በየመንገዱ እያሳረፍን ነው ፍትሐት የምናደርሰው። ይኼ አንዴ ካረፈ ማን ያነሣዋል? እዚያው መንገድ ላይ ልንቀብር ነው?”

አብረውት የመጡት ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ “ሲሚንቶው” ተባልኩ። ከብዷል ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን የከበደ ነገር ሁሉ ይሳቅበታል ወይ?

ሣጥኑን የወደደው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከጮሌ በኩል በፈረስ የመጡ የአርሲ ሽማግሌ ደጄ ላይ ቆመው ብዙ አዩት።

“ይህ ገንዳ ይሸጣል?” አሉኝ።

“ገንዳ አይደለም አባቴ። የሬሳ ሣጥን ነው።”

“ኤዬ” አሉና አሰብ አደረጉ። “ፈረሴ ግን ይህን አያውቅም።”

በንዴት ሸጥኩላቸው። ሬሳ የሚሸከምበት ሰው ጠፍቶ፣ ለፈረስ ውሃ ማጠጫ ሲሆን በጥማድ በሬ የሚጎትተው አልጠፋም። ሳምንት ሳይቆይ ሌሎች ገበሬዎች መጥተው እንደ እሳቸው ያለ ገንዳ ሥራልን አሉኝ። መስቀሉ ይቅርልን አሉ እንጂ ሌላውን ሁሉ ወደዱት።

ንዴቱ ግን ጠቀመኝ። ድልድዩ ትዝ አለኝና፣ የማይነሣ ነገር ተከፋፍሎ ይነሣል አልኩ። ወለሉን ለብቻው፣ አራቱን ግድግዳ ለየብቻቸው፣ ክዳኑን ሁለት ቦታ ከፍዬ አሳስቼ አፈሰስኩት። አንዱን ጠርዝ እንደ ጥርስ አወጣሁት፣ ሌላውን ጎድጓዳ አደረግኩት፤ መቃብሩ ውስጥ ሲገጣጠም አንዱ ሌላውን ይይዛል። ሬሳው እንደ ልማዱ በትከሻ ይሄዳል፣ ሣጥኑ ቀድሞ በክፍል በክፍል ይሄዳል። ለውሃውም አሰብኩ። ወለሉን በትንሹ አዘንብዬ ዝቅ ባለው ጫፍ ቀዳዳ አበጀሁ። ከቀዳዳው የብረት ቱቦ ይነሣና ውሃውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ያፈሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፤ ኋላ ያቃጠለኝ ይህ ነውና። የእኛ ሬሳ ሲተኛ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። አሰላ ደግሞ ጭላሎን በምሥራቅ በኩል ተደግፋ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ነው የምትወርደው፤ ውሃዋ ሁሉ ወደ ዝዋይ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ቀዳዳው በግድ በራስጌ በኩል መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ዝናብ ሲዘንብ ደጅ መቆም ይበቃል።

የቀረው የእናቴ ልክ ነበር። በሕይወት ያለን ሰው ለሣጥን መለካት ሟርት ስለሆነ፣ ጋደም ባለችበት መደቡን በገመድ እለካ ጀመር።

“ምን ታደርጋለህ?” አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“መደቡን ላድስልሽ ነው፣ እማዬ።”

“ሁሉን ትችላለህ፤ ውሸት ግን አልቻልክበትም” አለችና ተነሥታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች። “በል ለካ። ለእግሬ ትንሽ ተወው፤ መታጠፍ አልወድም።”

የንስሐ አባታችን ደግሞ ሌላ ነገር አመጡ። ሰው አፈር ነው፣ ወደ አፈር ይመለስ ተባለ እንጂ ወደ ሲሚንቶ አልተባለም አሉኝ።

“ከወለሉ በላይ ከዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተወሰደ አፈር ይነጠፋል፣ አባ” አልኳቸው።

“ምን ያህል?”

“እርስዎ ይንገሩኝ።”

እሳቸው ክንድ አሉ፣ እኔ ጋት አልኩ። ስንዝር ላይ ተስማማን። ቱቦውን ሰው ሳይሞት መቅበር ስለማይቻል ደግሞ፣ የግቢውን መንገድ ከጭቃ ላድን ብዬ ቦዩን ራሴ ቆፈርኩ። ቱቦውን ለእናቴ ካሰብኩት ቦታ፣ ከአባቴ መቃብር ጎን፣ አስነሥቼ እስከ አጥሩ ድረስ ዘረጋሁት። ካህናቱ መረቁኝ። ምርቃታቸውን ተቀበልኩ፤ መንገዱም እውነት ደርቋል።

እናቴ እንደፈራችው በክረምት አረፈች።

ሁሉን አስቤ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም። ሐዘንተኛ መሣሪያ አይነካም። ልጅ በእናቱ ቀብር ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘውት ቆሞ ያለቅሳል እንጂ ጉድጓድ አይገባም፤ ቢገባ ነውሩ የእድሩ ሁሉ ነው። ሣጥኑን መግጠም የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው፣ እሱም ጋቢውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሐዘንተኛ። አንደኛውን ክንዴን የያዘኝ ማን ይመስላችኋል? ዳኛው ነው።

ለቆፋሪዎቹ በዋዜማው ልነግራቸው ብሞክር “ዛሬ ስለ ሥራ አታስብ” ብለው አስቀመጡኝ። በየክፍሉ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ጭቃ በላው፤ ባይበላውም የሚያነበው አልነበረም። ከለቀስተኛው መካከል ቆሜ ወለሉ ሲወርድ አየሁ። አልተጣመመም፣ ቀስ ብለው አወረዱት። ነገር ግን ቀዳዳው በእግርጌ በኩል ነው። ከእናት ራስ ሥር ቀዳዳ ማድረግ ነውር መስሏቸው አዙረውታል። እንዲህ ከቀረ ወለሉ ወደ ተራራው ያዘነብላል፣ ቱቦዬ ባዶውን ይቀራል፣ እናቴ ታንኳ ውስጥ እንደተኛች ትሆናለች።

“ተገልብጧል” አልኩ።

“ዓለም ሁሉ ተገልብጧል፣ ወንድሜ፤ ጥና” አለኝ ዳኛው።

“ወለሉ ነው የተገለበጠው። ቀዳዳው ወደዚያ ነው።”

“አዎ፣ አዎ። ያዙት በደንብ።”

በደንብ ያዙኝ። ልላቀቅ ስታገል ሰው ሁሉ ሐዘን የበረታብኝ መስሎት አብሮኝ ጮኸ። በጮኽኩ ቁጥር ለቅሶው ይደምቃል፣ ለቅሶው በደመቀ ቁጥር ድምፄ ይዋጣል። የመጀመሪያው ግድግዳ ሊወርድ ጫፉ ላይ ደርሷል። ዝናቡም ጀመረ።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። በእናቴ ቤት ምሳ በበላን ቁጥር ስለዚያ ቀዳዳ ስናገር ሰምታ ሰምታ የሰለቻት ሴት ናት። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ወደ እኔ መጣች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዞራ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፤

የውሃው መውጫ በር፣ ወደ ቁልቁለቱ፣
አዙሩላት እንጂ፣ እንዳትርስ እናቱ።
ቀዳዳው ከራስጌ፣ ይሁንላት በወጉ፣
ልጇ የለፋበት፣ እንዳይቀር ማዕረጉ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁለተኛ አለችው። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮኽኩትን ያልሰሙ ቆፋሪዎች፣ በሙሾ ሲመጣላቸው አካፋቸውን አቁመው ወደ ላይ አዩ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የቱቦውን አፍ በምዕራብ በኩል አገኘና “አሃ” አለ። ወለሉን አውጥተው አዞሩት። ግድግዳዎቹ ወረዱ። ጥርሱ ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማውን ያን አጭር ድምፅ ሰማሁ፤ አራት ጊዜ፣ አንዱም ሳይስት። ካህኑ ስንዝር አፈራቸውን አስነጠፉ። እናቴ በደረቅ አፈር ላይ ወረደች፣ እግሯም አልታጠፈም።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሰው ግን ሙሾው አስለቀሰው አለ።

እስከ ዛሬም የሚወራው ሙሾው ነው። ሠርግ ላይ ሳይቀር ያን ግጥም የሚያውቅ አጋጥሞኛል፤ ግጥሙ ስለ ምን ቀዳዳ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። በሚቀጥለው ክረምት ከአጥሩ ውጭ ቱቦው ውሃ ሲያፈስ ሰው ጠርቼ ላሳይ ሞከርኩ። ከመቃብር የሚወጣ ውሃ ማን ያያል ብለው ሸሹኝ። ዳኛው ብቻ ጃንጥላ ይዞ መጣና ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ።

“ለእኔም አንድ ሥራልኝ” አለኝ በመጨረሻ። “ለሰው ግን አትንገር።”

ሠራሁለት። ሆዱን አስቤ ሰፋ አደረግኩት። ሲሞት ልጆቹ ከናዝሬት ከፋይ የለበሰ የእንጨት ሣጥን አስመጡና በእሱ ቀበሩት። ክፍሎቹ ዛሬም ጓሮዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዶሮዎች ይጠለሉባቸዋል።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልቁጠር፤ ሌላ የሚቆጥርልኝ የለምና። ያለ አስተማሪ ሲሚንቶ ተማርኩ። ለሰው ባሰብኩት ሣጥን ከጮሌ እስከ ኢተያ ፈረስና ከብት ጠጣበት፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። የማይነሣውን ከፋፍዬ አነሣሁ። ከቄስ ጋር በአፈር ተከራክሬ አሸነፍኩ፤ ስንዝር ማለት ማሸነፍ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን መንገድ ከጭቃ አዳንኩ። የሚስቅብኝን ሰው ሣጥን አስለመንኩ፤ በእሱ አለመቀበሩ የልጆቹ ጥፋት ነው። ለአክስቴ ሙሾ ፍሬ ነገሩን ሰጠሁ። እናቴንም በደረቅ አኖርኩ። ይህን ቻል አለችኝ፤ ቻልኩ።