እመቤት ማዙ የሳቀችበት ጥያቄ

ጥልፍ ሠሪዋ ላይ ቢዪን ውሸት አይሆንላትም፤ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። ያን ቀን ግን ባርኔጣዋን እስከ ጆሮዋ ደፍታ ኮምፒውተሯን ተሸክማ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ቱ ሱቅ ገባች። ቱ ከፈተውና አፍንጫውን ያዘ።

«ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ነዷል፣ አክስቴ። የማን ነው?»

«የወንድሜ ልጅ።»

ወንድም የላትም።

ኮምፒውተሩ የጥልፍ ማሽኗን የሚያዘው ነው። ለባሕር ጠባቂዋ አምላክ ለእመቤት ማዙ በዓል የሚወጣውን ሰንደቅ ግማሽ ላይ አድርሶ ቀጥ አለ። በሉካንግ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ማሽኑን የሚወቅስ የለም፤ «እመቤቲቱ ፊቷን አዞረችባት» ነው የሚባለው። ይህ ወሬ መቅደሱ ከደረሰ፣ ከአማቷ የወረሰችው የሰንደቅ ሥራ ለሌላ ይሰጣል። በእጄ ልጨርሰው እንዳትል ጣቶቿን ሪህ ቆልምሟቸዋል። ያለ ማሽኑ እጅ የላትም።

ቱ ሁለት የማዘርቦርድ ካርቶን አወረደ። «ሞዴሉ አንድ ነው። ይኼኛው ዋይፋይ አለው፤ ያኛው የለውም። ለልጅ ከሆነ ዋይፋይ ያለውን ውሰጂ፤ አለዚያ ዕድሜ ልኩን ያኮርፍሻል። ግን አስቢበት፤ ካርቶኑ ከተከፈተ አልመልስም።»

ቢዪን ከሁለቱ የትኛው ከማሽኑ ጋር እንደሚግባባ በምን ትወቅ? ደፍራም አልጠየቀችም። «ነገ እመጣለሁ» ብላ ወጣችና እግሯ በቀጥታ ወደ መቅደሱ ወሰዳት።

ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉትን ሁለት የዕጣ እንጨቶች አንስታ «ዋይፋይ ያለውን ልግዛ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችና ጣለቻቸው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ። አንዱ ተገልብጦ አንዱ ተደፍቶ ቢወድቅ እሺታ ነው፤ ሁለቱም ቢደፉ እንቢታ ነው። ሁለቱም ሲገለበጡ ግን እመቤቲቱ ስቃለች ማለት ነው። «የሌለውንስ?» አሁንም ሳቀች። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ሳቀችባት።

«እኔ እዚህ በጭንቀት እየነደድኩ አንቺ ትስቂያለሽ!»

የዕጣን አመድ የሚያወጣው ሽማግሌ ሶንግ ቀና አለ። «ስትስቅ ጥያቄው ጠማማ ነው። ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

«ከሁለት ዕቃ የቱን ልግዛ ብዬ።»

«ለምን ሥራ እንደሆነ ነግረሻታል?»

«እሷማ ታውቃለች!»

«እሷ ታውቃለች። ሻጩስ ያውቃል?»

ቢዪን ባርኔጣዋን ይበልጥ ደፋችው። አፈረች። ፈራችም። ቢሆንም በማግስቱ ወደ ቱ ሱቅ ተመልሳ ሄደች።

ቱ ብቻውን እስኪሆን ጠብቃ የሆዷን ዘረገፈችለት። ሰንደቁን፣ ማሽኑን፣ ጣቶቿን፣ የሌለውን የወንድም ልጅ ሳይቀር። ቱ አፉን ከፍቶ ሰማትና ማሽኑ በየትኛው ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደሚገናኝ ጠየቃት። አውራ ጣት የምታክል፣ ዘጠኝ ቀዳዳ ያላት፣ በሁለት ብሎን የምትጠብቅ ናት አለችው።

ቱ ራሱን ያዘ። «ኧረ አክስቴ! ዋይፋይ ባለው ላይ ያቺን መሰኪያ አውጥተው ጥለዋታል እኮ፤ በቦታዋ አንቴና ነው የገባው። ዋይፋይ የሌለው ላይ ግን አለች። ትናንት ያልኩሽን ገዝተሽ ቢሆን ጉድሽ ፈልቶ ነበር።»

«እንግዲህ አገሩ ሁሉ እመቤቲቱ ፊቷን አዞረችባት ሊል ነው።»

«ብታዞርብሽማ ኖሮ ዋይፋይ ያለውን ውሰጂ ትልሽ ነበር» አለና ዋይፋይ የሌለውን ካርቶን ከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ራሱ ተሸክሞ ቤቷ አደረሰላት። ገመዱን ሰካ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። መርፌው ቀይ ክሩን ይዞ አንዴ ወረደ፣ ወጣ፤ ከዚያ በሰንደቁ ላይ ያለውን የማዕበል ሥዕል ካቆመበት ቀጥሎ ይጠልፈው ጀመር። ቢዪን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። ቆይታ ተነሳችና ጫማዋን አደረገች።

«ወዴት ነው አክስቴ? ቁጭ ብለሽ አትጠብቂውም እንዴ?»

«እሱ ይጥለፍ፤ እኔ ልብላ። ይህ ጣጣ ከመጣብኝ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም።»

ማዕዘኑ ላይ ካለው ሻጭ ኦይስተር የሚባለው የባሕር ዛጎል ሥጋ ያለበት ኑድል አዘዘች፤ ጨርሳም ሳህኑን «ድገመኝ» ብላ መለሰችለት።