የሲስተር ጀሪካን

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሴቶች ጀሪካን ሲያነሱ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጀሪካኖቹ ሮዝ ናቸው። ሮዝ ጀሪካን! ውሃ ተቀድቶባቸው አያውቅም፤ የተሞላባቸው አሸዋ ነው። ግድግዳው ላይ «የስፖርቱ መሥራች» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ባለው ፎቶ አንዲት ልጅ እጆቿን አጣምራ ትስቃለች። ያቺን ልጅ አውቃታለሁ። እኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ነበር የምትኖረው።

አሁን ይህን ስፖርት የማይሠራ የለም። ገርጂም ሆነ አያት ጂም የከፈተ ሁሉ ጀሪካን ደርድሯል። የት እንደተወለደ ግን ልንገራችሁ፤ ገርጂ፣ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ነው። ውሃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አልወጣ ብሎን፣ ከታች ቧንቧ እየቀዳን እስከ አራተኛ ፎቅ እንሸከም ነበር። ወገቤ ተቆርጦ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዤ ነበር የምነሣው። አንድ ቀን ደረጃው መሃል ጀሪካኑን ጥዬ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ሲስተር ደረሱብኝ። ሲስተር ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲያስታምሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው።

«ጀሪካኑ ምን አደረገሽ?» አሉኝ። «አነሳስሽ ነው የገደለሽ።»

እዚያው ግማሹን ውሃ ወደ ራሳቸው ባልዲ ገለበጡና መንበርከክ፣ ሆድ መሳብ፣ ትንፋሽ እያወጡ መነሣት አስተማሩኝ። በወሩ ወገቤ ተመለሰ። ወሬው ብሎኩን ዞረ። ሲስተር እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መጀመሪያ በራሳቸው ላይ እየሞከሩ ደብተር ላይ ጻፉት፤ አንደኛው ጉልበታቸውን ሦስት ቀን ስላሳመማቸው ገጹን ቀደው ጣሉት። ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ለቅሶና ሰርግ በምናስተናግድበት የጋራ አዳራሽ እየተሰበሰብን እንሠራ ጀመር። ልጅቷም የመጣችው ያኔ ነው። ቀልጣፋ ናት፣ አልክድም። በስልኳ እየቀረጸች ለቀቀችው፣ አገር አየው፣ ቴሌቪዥን መጣ።

ጋዜጠኛው ማይኩን ወደ ሲስተር አስጠጋ። «ይህን ስፖርት የጀመሩት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ ምን ሠራሁና!» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ። «ልጆቹ ናቸው። እሷ ናት እዚህ ያደረሰችው።»

እኛ ከኋላ ተሰልፈን ፈገግ አልን። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው፤ «የኔ ሥራ ነው» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ማን አለ? ጋዜጠኛው ትሕትናቸው ይገባዋል ብለን ነበር። እሱ ግን ማይኩን ወደ ልጅቷ አዞረ፤ እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎ፣ ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣልኝ...» ብላ ቀጠለች።

ባለፈው ወር የብሎካችን ኮሚቴ አዲስ ደንብ አወጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ስፖርት የሚያሠራ ሰው ሰርተፍኬት ያምጣ ተባለ። የጀሪካን ስፖርት ሰርተፍኬት የምትሰጠው ደግሞ ልጅቷ ብቻ ናት! ሲስተር የአዳራሹን ቁልፍ መለሱ። ማለዳ በራቸውን ከፍተው ይጠብቁን የነበሩ ሴት አሁን እስከ ስድስት ሰዓት መጋረጃቸውን አይገልጡም።

እኔ ግን አልቻልኩም። ታክሲ ይዤ ቦሌ ጂሟ ድረስ ሄድኩ። ልጅቷ «የኔ ማር!» ብላ ልታቅፈኝ መጣች።

«አታፍሪም?» አልኳት። «ሴትዮዋን ከገዛ ሥራቸው አስወጣሻቸው እኮ!»

ስልኳን አውጥታ የዚያን የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። «ስሚ፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት። እኔ ማንንም አልቀማሁም። ደግሞ ሲስተርን እወዳቸዋለሁ፤ ይምጡና ሁለት ሳምንት ሰልጥነው ሰርተፍኬቱን ይውሰዱ። ለሳቸው ፍሪ ነው።»

ፍሪ! በሚኒባስ ተመለስኩ። ሲስተር ቤት ሳላንኳኳ ገባሁ። ምስር እየለቀሙ ነበር። በትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ጮህኩባቸው።

«ለምን ‹የኔ ነው› አላሉም፣ ሲስተር? በገዛ አፍዎ ሰጧት እኮ!»

ሰፌዱን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«እንግዳ ‹ጠገብኩ› ሲልሽ ሳህኑን ታነሺበታለሽ?» አሉኝ።

«አይ፣ ‹በሞቴ ይብሉ› እላለሁ» አልኳቸው።

«እኔ እንደ ወጉ ተናገርኩ። ‹ኧረ እርስዎ ነዎት› የምትል አንዲት ሴት ስጠብቅ ነበር። አሥራ አምስት ሆናችሁ ከኋላዬ ቆማችሁ!»

ሲስተር እንዲህ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። ጋዜጠኛው በመጣ ቀን ከሁሉም ይልቅ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።