ጥጡ ያልያዘው ገበቴ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት፣ አማቴ፣ አባቷ፣ የአራስ ገንፎዋ የሚቀርብበትን ገበቴ በእጃቸው ሊሠሩላት ተነሡ። በበቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከቤታቸው ጎን ባለችው ጠባብ መሥሪያ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ሲፈለፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከደዶ የዋንዛ እባጭ አስመጡ፤ ግንድ ላይ እንደ እንቅርት የሚወጣውን። የተፈጥሮ ቅርጹን ሳያበላሹ በመሮ ፈለፈሉትና ውስጡን ማለስለሱን ለእኔ ተዉልኝ።

ከውጭ ማለስለስ ቀላል ነው። የእባጭ ውስጥ ግን የእንጨቱ ጭረት በየአቅጣጫው ይዞራል፤ በአንድ በኩል ሲተኛልህ በሌላው ይነሣብሃል። ብርጭቆ ወረቀት በጣቴ ላይ ጠቅልዬ ሦስት ቀን ስፈገፍግ ዋልኩ። አማቴ ደግሞ ዓይናቸውን አያምኑም። ጥጥ ይዘው ውስጡን ይዳብሳሉ፤ ጥጡ አንዲት ክር ጥሎ ከቀረ ሥራው ይመለሳል። ሁለቴ መለሱብኝ። ቶሎ የምበሳጭ ሰው ነኝ፤ ለገንፎ ይህ ሁሉ ምንድን ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። በሦስተኛው፣ ከታች ጥጉ ላይ እምቢ ያለችኝን ሻካራ ቦታ ሻማ ቀባኋትና በጨርቅ አሸኋት።

ጥጡ ተንሸራተተ። «ማሻአላህ፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉና ገበቴውን ራሳቸው ቅቤ ቀቡት።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ትኩሱ ገንፎ በገበቴው ቀረበ። እኔና አማቴ በር ላይ ቆመናል። ባለቤቴ ሁለቴ እንደጎረሰች ፊቷ ተለወጠ፤ ከምላሷ ላይ ስንጥር አወጣች። ጫፉ ደም ነበረው። «ምንም አልሆንኩም፣ አባ» አለች፣ እኔን ሳይሆን አባቷን እያየች። ሻማው በገንፎው ሙቀት መቅለጡን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ ገበቴው ታጥቦ ደርቆ መሥሪያው ስንገባ፣ አማቴ ጥጣቸውን አውጥተው ውስጡን ዳበሱት። ያዘ። ደግመው ዳበሱት። ከዚያ የጣቶቻቸውን ጫፍ እርስ በርስ አሻሹ።

«ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እጄ ከድቶኛል፣ ልጄ። ለገዛ ልጄ ስሠራ እንኳ አልነገረኝም።»

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ልናገር ብል ሌላ የሚሰማን ሰው አልነበረም፤ ሰበብ የለኝም። እኔ ግን ያልኩት ሌላ ነው።

«ዕድሜ ነው፣ አባ። ምን ያደርጉታል?»

ዛሬም ይህን ያለውን አፌን አፍርበታለሁ። ስንጥሩ ከምላሷ ወጥቷል፣ ቁስሉም በሁለት ቀን ድኗል። እኔ ያልኳቸው ግን እሳቸው ውስጥ ቀረ። ጥጡን በእጄ አኖሩልኝና ከእንግዲህ ፈታሹ አንተ ነህ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መሮ አልጨበጡም።

አሁን ልጄ ድክ ድክ ትላለች። አማቴ መሥሪያው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። አዲስ ገበቴ በጨረስኩ ቁጥር ወስጄ እሰጣቸዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ይዳብሱት እንደሆነ ብዬ። ጠርዙን ይይዙና ውስጡን ሳይነኩ ይመልሱልኛል።

«አንተ ካየኸው ይበቃኛል» ይላሉ።