ሰው የገብስ ፍሬ የሚያህልባት መርከብ

ፅጌረዳ ከቤይሩት የተመለሰችው በጥር፣ ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመጣው አውቶቡስ እንደገና መሥራት በጀመረበት ሰሞን ነው። መናኸሪያ የተቀበላት ታላቅ ወንድሟ ተሻገር ነበር። ሻንጣዋን ተሸክሞ ወደ እናታቸው ቤት በመውሰድ ፈንታ በላይኛው መንገድ ወደ አክስታቸው ቤት መራት።

«እምዬስ?» አለችው።

«ጠበል ሄዳለች። ነገ ትመጣለች» አላት ዞር ብሎ ሳያያት።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተከፈተና ዘመድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ፅጌረዳም ታውቀዋለች። የንስሐ አባታቸው መምሬ ጓዴ አንገታቸውን ደፍተው እናቷ ማረፏን ነገሯት። ሴቶቹ ትወድቃለች ብለው ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። አልወደቀችም።

«መቼ?» ብላ ጠየቀች።

«ጥቅምት ላይ፣ ልጄ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከመደቡ ተነሥታ ቆመው ለሚያለቅሱ አንዲት አሮጊት ቦታዋን ለቀቀች። ቤቱ በዋይታ ሲናወጥ እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት የተጻፈ ነገር ነው። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነሣ ሰዉ «ደንግጣ ነው፤ ኋላ ይመጣል» ይል ነበር። ሲሰነባብት ግን «ዐረብ አገር ልቧን አድርቆባታል» ማለት ጀመረ። የተሻገር ሚስት ማሬ ብቻ ነበረች በግልጥ የጠየቀቻት።

«ምን ይሰማሻል፣ እቴ?»

ፅጌረዳ ትንሽ አሰበች። «ጥርሴን ሲነቅሉኝ ድዴን በመርፌ አደንዝዘውት ነበር። እንደዚያ ነው። መኖሩን አውቃለሁ፤ የኔ ግን አይመስለኝም።»

ቤይሩት ብዙ ዓመት የኖረችው አንድ ሽማግሌ እየጦረች ነው። ሽማግሌው በጡረታ የወጡ የመርከብ ካፒቴን ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል፤ እሳቸው አንድ ክፍል ሙሉ ትንንሽ መርከቦች ይዘው ቀርተዋል። በጉልምስናቸው የነዷቸውን መርከቦች አንድ በአንድ ከእንጨት ይሠሩ ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፅጌረዳን ከወጥ ቤት ጠሯት። መጀመሪያ ወረንጦ ታቀብላቸው ነበር፤ ቆይቶ ክር ታስርላቸው ጀመር። በመጨረሻ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እጁ የሷ ሆነ።

«ልኩ ከጠፋ መጫወቻ ነው» ይሏት ነበር። የእውነተኛዋን መርከብ ርዝመት ለሁለት መቶ ያካፍሉታል። በሩም፣ ደረጃውም፣ መልሕቁም በዚያው ልክ ያንሳል። አንድ ጊዜ ሰው ስንት እንደሚያህል ጠየቀቻቸው። ከመደርደሪያ የገብስ ፍሬ አንሥተው የመርከቧ ወለል ላይ አቆሙላት። «ይኸውልሽ፣ እኔ» አሏት፤ ሁለቱም ሳቁ። ፅጌረዳ መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም። ባሕሩን የምታየው ዕቃ ስታጥብ በወጥ ቤቱ መስኮት ነው።

ካፒቴኑ በኅዳር ሞቱ። ያን ዕለት ወደ አገር ቤት ደወለች። ስልኩ እየተቆራረጠ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ጎርነን ብሎባት «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለቻት። ፅጌረዳ ስለ ሽማግሌው እየነገረቻት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጆቻቸው መጥተው ቤቱን ሸጡ፣ መርከቦቹን በካርቶን አሽገው ወሰዱ፤ እሷም ወደ አገሯ ተሳፈረች።

መርዶውን በሰማች ጊዜ «ጥቅምት» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እናቷ ጥቅምት ከሞተች በኅዳር ያነጋገራት ማን ነው? ጥያቄውን አላነሣችውም። እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አጠገቧ አስቀመጠችው።

የእናቷ ቤት ብቻዋን ገባች። በሩ አልዘጋ ስላላት አናጢው አበባው ዘንድ ሄደች። መሣሪያውን ሲያነሣ ሥራ ቤቱ ወለል ላይ የተጣሉ የዋንዛ ቁርጥራጮች አየች።

«እነዚህን ትጥላቸዋለህ?»

«ለማገዶ ነው። ምን ልታደርጊያቸው?»

«መርከብ።»

አበባው የሰማው ነገር ትክክል መሆኑን ለማወቅ አፍ አፏን አየ። ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ሰጣት።

የሠራቻት ከካፒቴኑ ጋር የጨረሷትን የመጨረሻዋን መርከብ ነው፤ ልኮቿን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ርዝመቷ ከክንድ ትንሽ ይበልጣል። የጀርባ አጥንቷን ከዋንዛ ጠረበች፤ ጎድኖቿን በምላጭ ቀርጻ ተከለች። ቀርከሃ በስሱ እየሰነጠቀች በሙቅ ውኃ ትዘፈዝፋለች፤ ሲለሰልስ ጎድኖቹ ላይ አጥፋ በኮላ ትለጥፈዋለች፤ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ትይዘዋለች። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ከሆዷ በታች ያለው ቀይ መሆን ስላለበት ሀምዲያ ሱቅ ሄዳ ቀይ የጥፍር ቀለም ለቅማ ገዛች። ሀምዲያ ጨርቃ ጨርቅና መዋቢያ የምትሸጥ ነጋዴ ናት።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አለቻት።

«የለም። ለመርከብ ነው።»

ሀምዲያ ሳቀች፤ ፅጌረዳ አልሳቀችም። ደስ ብሏት አይደለም የምትሠራው። ስትሠራ ግን ቀኑ ያልፋል፤ ማለፉንም አታየውም።

ወሬው ተሻገር ዘንድ ደረሰ። «እናቷን ሳታለቅስ መጫወቻ ትሠራለች» ብለው ነበር የነገሩት። ጠበል ሊወስዳት አሰበና መምሬ ጓዴን ይዞ መጣ። መምሬ ጓዴ ጎንበስ ብለው መርከቧን ከአፍ እስከ ገደፏ ተመለከቷት።

«ልጄ፣ የኖኅ መርከብ ናት?»

«አይደለችም አባ። የጭነት ናት። ስንዴ ነው የምትጭነው።»

«ከየት አምጥታ?»

«ከሩቅ አገር። የቤይሩት ሰዎች ይገዙታል እንጂ አያርሱም።»

«አይ መከራ! በመርከብ እስኪመጣ ሊጠብቁ?» አሉና ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ሰዉስ የታለ?»

«አልሠራሁም። በዚህ ልክ ሰው የገብስ ፍሬ ያህላል፤ ፊት አይወጣለትም።»

መምሬ ጓዴ ሲወጡ ተሻገርን በር ላይ «ጠበሉ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ትጨርስ» አሉት።

ክረምቱ ገባ። የመርከቧ ምሰሶዎች ከቆሙ በኋላ ጭነት የሚያነሡበት ገመድ ቀረ፤ እሱ በስፌት ክር ነው የሚሠራው። አንድ ሰው ክሩን ወጥሮ ሲይዝ ሌላው ይቋጥራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ከሰዓት ማሬ ሽሮ ይዛላት መጣች፤ ፅጌረዳ የክሩን ጫፍ አስያዘቻት።

ሁለት ሦስት ቋጠሮ እንዳሰረች፣ ዐይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ፦

«ማሬ፣ በኅዳር በስልክ ያነጋገርሽኝ አንቺ ነሽ?»

ክሩ ረገበ። ማሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ተሻገር ነው ያለኝ። ሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ትሆናለች አለ። ድምፄን አጎርንኜ ደኅና ነኝ ብዬ ልዘጋው ነበር። አንቺ ግን ማልቀስ ጀመርሽ፤ ሽማግሌው ሞቱ አልሽ። እንዴት ብዬ ልዝጋው?»

«አልዘጋሽውም።»

«ልጄ አልኩሽ። አፌን ይቁረጠው!»

«ልጄ አይዞሽ፣ ለቅሶ ያደክማል፣ ውኃ ጠጪ አልሽኝ። ጠጣሁ።»

ማሬ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ፅጌረዳ ቁጣ ይኖር እንደሆነ ውስጧን ፈለገች፤ አልነበረም። ሐዘኑንም ፈለገች። ልጅ ሳለች እናቷ ጭቃ የተለጠፈበት እግሯን ስታጥባት አስታወሰች፤ ነገሩ በመስኮት እንደሚታይ የሌላ ሰው ግቢ ሆነባት። ማሬ ልታጽናናት የመጣች፣ ራሷ መጽናናት ያለባት ሴት ሆና ተቀምጣለች።

«ያን ቀን ያለኝን ሁሉ አልቅሼ ጨርሼው ይሆናል» አለቻት። «እንጃ። ክሩን ያዢው፣ ይላላል።»

ማሬ ዐይኗን ጠርጋ ክሩን ወጠረች። ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ሥራ ስትፈታ እየመጣች ትይዝላት ጀመር። ብዙ አያወሩም።

መርከቧ በመስከረም አለቀች። ሀምዲያ ልታያት መጥታ የራሷን የጥፍር ቀለም ከመርከቧ ሆድ ላይ ስታገኘው በእጇ ዳሰሰችው፤ ሱቋ መስታወት ውስጥ እንድታስቀምጣት ለመነቻት። የገበያ ቀን ገበሬው እህሉን ሸጦ ሲመለስ እዚያ መስታወት ፊት ይቆማል። አንዱ በሬ ሻጭ «ይቺ ውኃ ላይ ትሄዳለች?» ብሎ ቢጠይቅ ሀምዲያ «አዎ» አለችው። ፅጌረዳ ግን እዚያው ስለነበረች «አትሄድም፤ ለዐይን ናት» ብላ አረመቻት።

በጥቅምት የእናቷ ሙት ዓመት ተደረገ። ፍትሐቱ ሲደርስ መቃብሩ አጠገብ ቆመች። ተሻገር ቀርቦ «ይቅር በይኝ» አላት በሹክሹክታ።

«ሰው አገር የነበርከው አንተ ብትሆን ኖሮ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር፣ አያ» አለችው። የተናገረችው እውነቷን ነው። እንባ ይመጣ እንደሆነ ጥቂት ጠበቀች፤ አልመጣም። የመቃብሩ ድንጋይ አንዱ ጥግ ላይ ወልገድ ማለቱን አይታ በእግሯ አፈር ገፋችለት።

ዝክሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን ማሬ ዕቃ ልታጥብላት ቀረች። ፅጌረዳ ከጓዳ አዲስ የዋንዛ እንጨት አወጣች፤ ዓሣ የሚያጠምዱባት ትንሽ ጀልባ ልትጀምር ነው። አንድ የተነከረ የቀርከሃ ስንጣቂ አንሥታ ለማሬ ሰጠቻት።

«ቀስ ብለሽ እጠፊው። ከጎድኑ ጋር እስኪስማማ።»

«እኔ? ምኑን አውቄው?»

«እጠፊው።»

ማሬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ያዘችው፤ አጠፈችው፤ መሀሉ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ደንግጣ ቀና አለች። ፅጌረዳ ሌላ ስንጣቂ ከውኃው አውጥታ አቀበለቻት።