ልዕልቷ ወይስ እትዬ ወርቅነሽ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ የሠዓሊዋ የፀሐይቱ ቀለም ያልነካው ግድግዳ ማግኘት ከባድ ነው። የፀጉር ቤቱን በር፣ የጭማቂ ቤቱን መስኮት፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን አጥር የሳለችው እሷ ናት። በተለይ ልጆች የሚያብዱላቸውን የፊልም ጀግኖች ዓይኗን ጨፍና ትስላቸዋለች፤ ሰፈሩም «ካርቱኗ» ይላታል። እንጀራዋ እነዚህ ጀግኖች ናቸውና ስለ እነሱ ክፉ አይወጣትም ነበር።

ስለዚህ ዘኪያ ለሥራ ስትጠራት ደስታዋ ወሰን አጣ። ዘኪያ ከስልጤ መጥታ በሱቅ ንግድ ያደገች ቆፍጣና ሴት ናት፤ ከሱቋ ጀርባ ያለውን ሰፊ ግቢ የልጆች መጫወቻ ልታደርገው ቆርጣለች። ዋናው ነገር «የውሃ መንገድ» የተባለው ዋሻ ነው። ልጆች በትንሽ ባቡር ይገቡና ዝናቡ መሬት ውስጥ ሰርጎ ዓለት ውስጥ ሲጠራቀም፣ ከጉድጓድ ሲሳብ፣ በቱቦ አልፎ ቧንቧ ላይ ሲደርስ እያዩ ይወጣሉ። ፀሐይቱ ዓለቱንም ፓምፑንም ከሽቦና ከሲሚንቶ ሠራች። በዘኪያ ትእዛዝ ደግሞ ጉድጓዱ አጠገብ ከፊልም የምትታወቅ ልዕልት የአስማት ዘንግ አስይዛ አቆመች። በዕድሜዋ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ጉዱ የመጣው በሙከራው ቀን ነው። የሰፈር ልጆች ገብተው እየቦረቁ ወጡ። ፀሐይቱ በኩራት ውሃ ከየት ይመጣል ብላ ብትጠይቃቸው፣ ልዕልቷ ጉድጓዱን በዘንጓ ስትነካው ይፈልቃል አሏት። ሁሉም! ዓለቱን ልብ ያለ የለም፤ የዘኪያ ልጅ ሂክማ እንኳ ስለ ዘንጉ ብቻ ነው የምታወራው። እነዚህ ልጆች የቆሙበት መሬት ሥር ከተማ የሚያጠጣ ውሃ አለ፤ ፀሐይቱ በገዛ እጇ ያንን ውሃ ለእንግዳ ልዕልት ሸልማ አረፈች።

ልዕልቷ ከዋሻው ትውጣ ብላ ዘኪያን ለመነቻት። ዘኪያ ልትሰማ? ልጅ የሚወደው የሚያውቀውን ነው፤ ቱቦ ለማየት ማን ይመጣል ብላ ሙግት ገጠመች። ነገሯ እውነት አለው፤ ፀሐይቱን የባሰ ያናደዳትም እሱ ነው።

«እሺ፣ የሚያውቁትን ሰው አስገባለሁ» አለች ፀሐይቱ በመጨረሻ። «ፊልም ላይ ያላዩትን ግን።»

«ልጆቹ ሳይስቁ ከወጡ ልዕልቷ ትመለሳለች፤ አንቺም በግቢዬ ብሩሽ አታነሺም» አለቻት ዘኪያ።

ልዕልቷ ውጪ በር ላይ ፎቶ መነሻ ሆነች። ዋሻው መጨረሻ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ፀሐይቱ እትዬ ወርቅነሽን ሠራች። እሳቸውን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧው ሲያፏጭ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ደጅ ወጥተው «ውሃ መጣ!» ብለው ሲጮሁ መንደሩ ጀሪካን ይዞ ይተራመሳል። የሲሚንቶዋ ወርቅነሽም ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣ አፏን ከፍታ ቆመች። የጎደላት ድምፅ ብቻ ነው።

የመክፈቻው ዕለት ወላጆች ውጪ ተቀመጡ፤ እትዬ ወርቅነሽም የክብር እንግዳ ሆነው ፊት ወንበር ላይ አሉ። ባቡሩ ልጆቹን ይዞ ገባ። ዝናቡን አለፉ፣ ዝም። ጉድጓዱን አለፉ፣ አሁንም ዝም። ዘኪያ ፀሐይቱን በጎን አየቻት። ፀሐይቱ አለቀልኝ አለች በልቧ።

ያኔ የዋሻው ቧንቧ ተከፈተ። ያ ሁሉ ልጅ የሲሚንቶዋን ወርቅነሽ አየና በአንድ አፍ «ውሃ መጣ!» ብሎ ዋሻውን አናጋው።

አይ የውጪው ጉድ! ወላጅ ጩኸቱን ሲሰማ ብድግ አለ፤ ገሚሱ ልጁን እዚያው ትቶ ጀሪካን ፍለጋ ወደ ቤቱ በረረ። እትዬ ወርቅነሽ እንዴት ሳልሰማው እያሉ ነጠላቸውን ያሸርጣሉ። ዘኪያ ራሷ፣ ያቺ ቆፍጣና፣ ስልኳን አውጥታ ቤት ላሉት ቧንቧውን ክፈቱ እያለች ታዛለች። ፀሐይቱ በሳቅ ፈርሳ አጥሩን ተደገፈች።

ልጆቹ እየተንከተከቱ ወጡ። ሂክማ የእናቷን ቀሚስ ያዘችና ማንም ሳይጠይቃት፣ «እማ፣ ውሃው እኮ ከእግራችን ሥር ነው፤ ዓለቱ ውስጥ» አለቻት።

ዘኪያ ስልኩን ዘጋች። ልጇን አየች፣ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች አየች፤ ከዚያ እሷም ሳቋ አመለጣት። የቀረውን ግቢ በሙሉ እንደፈለግሽ አድርጊው አለቻት ለፀሐይቱ።

እትዬ ወርቅነሽ ግን ገና አልበረደላቸውም። ዋሻው ውስጥ ገብተው አምሳያቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «እኔን ሲሚንቶ ሊቀድመኝ?» አሉ። ሁለተኛው ባቡር ሲደርስ ቧንቧው ሥር ቆመው የጮሁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።