የእማ አርሞኒካና አስተርጓሚዋ

ልጅ እያለሁ የእናቴ አፍ ነበርኩ። እንደኔ እዚህ ሲያትል ያደጋችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ማንም አልቀጠረንም፤ ግን ክሊኒክ ሲኬድ፣ የመብራት ደብዳቤ ሲመጣ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ሲያዝ ከፊት የምንቆመው እኛ ነበርን። በዘጠኝ ዓመቴ «የደም ግፊት» በሁለቱም ቋንቋ ምን እንደሚባል አውቅ ነበር። አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ወሬ ታበዛለች ስትላት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ተሳትፎዋ ጥሩ ነው ትላለች» ብዬ የተረጎምኩ ልጅ ነኝ። እማ አስተማሪዋን አመስግና ወጣች። ስለዚህ በኋላ ያጠፋሁት ጥፋት ድንገት የመጣ አይደለም፤ ልምድ ነበረኝ።

የምንኖረው ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና እማ ብቻ ነበርን። እማ በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ማታ ስታቅፈኝ የተቀቀለ ካሮትና የእጅ ሳሙና ትሸታለች፤ ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል። አንድ ቀን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ከማንኪያዎች መሀል አርሞኒካ አገኘች። ደሴ እያለች ታላቅ ወንድሟ አርሞኒካ ይጫወት ነበር። የሰርግ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ይከበዋል፤ እሷ እጇን ስትዘረጋ ግን የሴት ልጅ ነገር አይደለም እያለ ይነጥቃታል። «እስቲ አሁን ማን ይከለክለኛል?» ብላ ገዛችው።

የማታውቀው ሰው አፍ የነካው ነገር ስለሆነ መጀመሪያ በፈላ ውኃና በሳሙና ዘፈዘፈችው፤ ዘፍዝፋም አሳደረችው። በማግስቱ ስትነፋው አንዳንዱ ቀዳዳ ድምፅ የለውም፣ የውስጡ እንጨት አብጦ ወጥቶ ከንፈሯን ቧጨራት። ተስፋ የምትቆርጥ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። ጽሑፉን ባታነበውም የአርሞኒካውን ሥዕል አወቀችው። «ሀያት፣ እስቲ ኮል አድርጊላቸው» አለችኝ።

ሚስ ዶሪንን ያገኘናት እንዲህ ነው። ማውንት ቤከር ሰፈር፣ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ አሮጌ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ረጅም፣ ቀይ መነጽር የምታደርግ፣ ልጆቿን በአርሞኒካ ያሳደገች ሴት ነበረች፤ በሳምንቱ መሀል ከባንዶች ጋር መድረክ ላይ ትጫወታለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኗ ውስጥ ታስተምራለች። እንደ መብራት ሠራተኛ ወገቧ ላይ ኪሳም ቀበቶ ትታጠቃለች፤ በየኪሱ አንዳንድ አርሞኒካ አለ፣ የእያንዳንዱ ቅኝት ይለያያል። አንዱን ስታወጣ ዝም ብላ አትነፋውም፤ መጀመሪያ በመዳፏ ታሞቀዋለች። የእማን አርሞኒካ አይታ ምን ሆኖ ነው ስትል እኔ እያፈርኩ ስለ ሳሙናው ነገርኳት። ሚስ ዶሪን መነጽሯን እስክታወልቅ ሳቀች። እማም ምን እንዳልኩ ገብቷት አብራት ሳቀች። ከዚያ ሚስ ዶሪን እንጨት የሌለበት፣ ቢዘፈዘፍም ምንም የማይሆን አዲስ አርሞኒካ ሰጠቻት።

ስሜን ብቻ ጥሪኝ ብትላትም እማ «ቲቸር» ከማለት አልወረደችም። አንቱ እያለች ነው የምታወራት፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው አንቱታው መንገድ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች ትምህርቱ ሁሉ ትንፋሽ ነበር። «አትንፊው፤ ተንፍሺበት» ትላታለች ሚስ ዶሪን። ሁለተኛው ቀዳዳ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብበት ለጀማሪ ሁሉ እምቢ ይላል። እማ ይሄኛውም ተበላሽቷል በያት አለችኝ። ሚስ ዶሪን መልሱን ለእኔ አልሰጠችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ቅንድቧን አንስታ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ሳበች። እማም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አብራት ሳበች። ቀዳዳው ድምፅ አወጣ። ያኔ ልብ ብል ኖሮ እኔ እዚያ ቤት ብዙም እንደማላስፈልግ ይገባኝ ነበር።

በዓመቱ እማ የወንድሟን የሰርግ ዜማ ለቀም አድርጋ ያዘችው። ጎረቤት እንዳይረበሽ የምትለማመደው የአፓርታማው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ማሽኖቹ እየዞሩ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ያምር ነበር፤ እንደሚያምር አውቅ ነበር።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሚስ ዶሪን ተማሪዎቿ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በቤተሰብ ፊት እንደሚጫወቱ ነገረችን። እናትሽ ፋጡማ ዝግጁ ናት፣ የወንድሟን ዜማ ትጫወት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ተማሪ ሰምቼ አላውቅም አለች። እማ ከአፌ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች።

እኔ የማስበው ስለ ኬትሊን ነበር። የክፍሌ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ሚስ ዶሪን ጋ ስለሚማር መምጣቷ አይቀርም። እናቴ በሂጃቧ፣ ጉንጯን ነፍታ ስትጫወት፣ ኬትሊን ደግሞ ሰኞ ለክፍሉ ሁሉ ስታወራ ታየኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

«ገና ነሽ ትላለች» አልኳት። «ለሚቀጥለው ዓመት።»

እማ «ኦኬ፣ ኢንሻአላህ» ብላ አርሞኒካዋን በመሀረብ ጠቀለለች። ለሚስ ዶሪን ደግሞ እናቴ ሰው ፊት መጫወት አትወድም አልኳት። በአንድ አፍ፣ በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ። በማግስቱ እማ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ከወትሮው ሁለት እጥፍ ቆየች። እኔ ግን እውነቱን አልነገርኳትም።

በቀኑ ለማጨብጨብ ሄድን። እማ የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ለሁሉም ተማሪ ከልቧ ታጨበጭባለች። ኬትሊን ከኋላችን ተቀምጣለች። መጨረሻ ላይ ሚስ ዶሪን ራሷ ተጫወተች፤ ሙያ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፣ ያ ሁሉ ሕፃን ፀጥ አለ። ስትጨርስ ከመድረኩ ወርዳ ወደ እኛ መጣች። እኔን አላየችኝም። እማ ፊት ቆማ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፣ ቅንድቧን አነሳች፣ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ሳበች። ከዚያ ጠበቀች።

እማ አየቻት። ቀጥሎ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ለረጅም ጊዜ አይደለም። ቦርሳዋን ከፍታ አርሞኒካዋን አወጣች፣ በመዳፏ አሞቀችው፣ ከተቀመጠችበት ተነስታ እዚያው ተጫወተች። አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ፣ ሌላውም ተከተላቸው። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። እናቴን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብላት ቀና ብዬ አላየሁም። ኬትሊን ደግሞ ሰኞ ዕለት ስለ ውሻዋ ነው ያወራችው።

አውቶቡስ ውስጥ እማ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ «ገና ነሽ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። አለቀስኩ። በአርሞኒካው መሀረብ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«ልጅ ነሽ፤ እኔም ብዙ አሸከምኩሽ» አለች። «ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ከፍቼ መስኮቱን አያለሁ። እየሳቀች ትመለሳለች፤ ምን እንዳሳቃት የማላውቀው ሳቅ ነበር። ዓመት ዓመት እየተካ ሄደ፣ እማም በየዓመቱ በዚያ አዳራሽ ተጫወተች፤ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ቀና ብዬ አየኋት። ያ ግን የመጀመሪያውን አይተካልኝም።

አሁን ሚስ ዶሪን ታኮማ ከተማ ልጇ ጋ ገብታለች፣ መድረክም ትታለች። እሁድ እሁድ ከእማ ጋር ይደዋወላሉ፤ ሁለት ቃል ተባብለው አርሞኒካቸውን ያነሳሉ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሰልማ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፣ የእማም እንግሊዝኛ ከወጥ ቤቱ ሥራ አላለፈም። ባለፈው ቅዳሜ አያቷ አርሞኒካ ልታስተምራት አስቀመጠቻት። ሰልማ ሁለተኛውን ቀዳዳ ሞክራ እምቢ ሲላት በእንግሊዝኛ ተበላሽቷል አለች። እኔ እንደ ድሮዬ ፈጥኜ ልተረጉም አፌን ስከፍት እማ እጇን አነሳች።

«አንቺ ውጪ፣ የኔ እናት» አለችኝ።

ወጥቼ በሩን ዘጋሁ፣ ኮሪደሩም ላይ ቆምኩ።  ከዚያ አንድ የጎለመሰ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ፤ ከኋላው ደግሞ አንድ ትንሽ ትንፋሽ ተከተለው።