ኮፍያ ያልተደፋበት አምፕሊፋየር

አሁንም አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት የጋሼ ይማም ልጅ ዘሀራ ስትደውል «አባ አምፕሊፋየርህን ጨርሰዋል፣ ና ውሰድ» ልትለኝ መስሎኝ እየሳቅኩ ነው ያነሳሁት።

ጋሼ ይማም የሉም። የመካነ ሰላሙ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የኛ የሠርግ ሙዚቀኞች ሐኪም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጊታሬን የምሰካበት አምፕሊፋየር ከድሮ የኪነት ቡድን የተረፈ፣ እንደ ጥንት ሬዲዮ በአምፖል የሚሠራ አሮጌ ሳጥን ነው። ከማሻ ሠርግ ስንመለስ መንገዱ አንገጫገጨውና እሳቸው ጋ ወሰድኩት። ሌላ ሰው አይደፍረውም።

ከአምፖሎቹ አንዷ ደግሞ ጆሮ አላት። አጠገቧ ሲያወሩ ድምፁ በስፒከሩ ይወጣል፣ ቀጥኖ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ። እንቀይራት ስላቸው «ተዋት እስቲ፣ ሥራ ስፈታ ታጫውተኛለች» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እውነቴን ነው፣ እፈራታለሁ።

ጋሼ አንድ ሕግ ነበራቸው። ክዳኑን ከፍተው ሲሠሩ ኮፍያቸው ከራሳቸው አይወርድም። ሲጨርሱ ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ በካቻቢቴ ያፈሱና ኮፍያቸውን አውልቀው ሳጥኑ ላይ ይደፉታል። መንካት የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሶኬቱ ተነቅሏል ብዬ እጄን ስሰድ በመበየጃው ካውያ እጀታ ቸብ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ተነቀለ ማለት ሞተ ማለት አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ሻይ አዘዙልኝ።

ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁጭ ብለው ይሠሩ ነበር አለች ልጃቸው ዘሀራ። እሷ ከግድግዳው ማዶ ሆና ትንፋሻቸውን በስፒከሩ ትሰማለች። ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ሁልጊዜም እንዲያ ነው። ሳል። ትንፋሽ። «ቢስሚላህ»። ከዚያ እምምም የሚለው የሳጥኑ ድምፅ ብቻ ቀረ። እያዳመጡት ነው ብላ ሻይ ጣደች።

ይዛላቸው ስትገባ ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አምፖሎቹ በርተዋል። «አባ» ስትል የመለሰላት ከስፒከሩ የወጣው የራሷ ድምፅ ነበር።

ሶኬቱን ነቀለች። ጎረቤት መጣ፣ መደቡ ላይ አሳረፏቸው። ቤቱ ጠባብ ነውና ለጀናዛው ቦታ ለማስለቀቅ ሰዎች ሳጥኑን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። ክዳኑ ክፍት ነው። ዘሀራ ዞር ስትል ኮፍያው አባቷ ራስ ላይ ነው።

«አትንኩት» አለች። «አባ ኮፍያቸውን አላወለቁም።»

ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ተያዩ። እሷ ግን ሳጥኑ ፊት ቆማ ደወለችልኝ።

ስደርስ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። አንድ እጄን እንዳስተማሩኝ ወደ ኋላዬ አድርጌ ካቻቢቴውን ሰደድኩ። ብልጭታው ሰማያዊ ነበር፣ ትልቅ። ስፒከሩም አንዴ «እህ» አለ። የኤሌክትሪክ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ከኋላዬ ግን አንዱ ሽማግሌ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ። ዘሀራ ባትከለክል ዛሬ ከዚያ ቤት ሁለት ጀናዛ ይወጣ ነበር።

ጋሼ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርንዎት። ይህን የምጽፈው ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ተነቅሏል፣ ፈሷል፣ ግን እንጃ፣ ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። አምፖሏን አልቀይራትም። የመጨረሻ ትንፋሽዎን የሰማች እሷ ናት፣ እንዴት አድርጌ እጥላታለሁ?

የጀመሩትን ጨርሼልዎታለሁ። ኮፍያዎን ዘሀራ ከራስዎ አውልቃ ሰጠችኝ፣ እኔም በእጄ ሳጥኑ ላይ ደፋሁት።

ይተኙ ጋሼ። ኮፍያዎ ቦታው ላይ ነው።